ስም ጠሪዋ

በፍርድ ቤቱ ኮሪደር የሚመላለስ ሁሉ የሚያውቃት በቅጽል ስሟ ነው፤ ደወል። ሥራዋ ችሎቱ በር ላይ ቆማ የባለጉዳዮችን ስም መጥራት ነበር። ድምፅዋ ኮሪደሩን ዘልቆ፣ ደረጃውን ወርዶ፣ ግቢ ውስጥ ሲጋራ የሚያጨሱትን ጠበቆች ያስደነግጣል። አንዱን ስም ሦስት ጊዜ ትጠራዋለች። "አንደኛው ለሰሚ፣ ሁለተኛው ለዘንጊ፣ ሦስተኛው ለፈሪ ነው" ትላለች። ሦስተኛውን ለስለስ ታደርገዋለች፤ በሩ አጠገብ ደርሶ እግሩ አልታዘዝ የሚለው ብዙ ነዋ።

ልብስ ሰፊው ባሏ "በናትሽ፣ ስትገቢ ድምፅሽን እንደ ጃንጥላ በር ላይ አስቀምጪው" እያለ ያሾፍባታል።

ከዚያ አዲሱ ደንብ መጣ። የባለጉዳይ ምስጢር ይጠበቅ የሚል ነው። ከእንግዲህ ስም በአደባባይ አይጠራም፤ ሰው ሲገባ የጉዳዩን ቁጥር ይወስዳል፣ ተራው ሲደርስ ቁጥሩ ግድግዳው ላይ በተሰቀለው ስክሪን ይወጣል። ደወል አልተቃወመችም። ከባሏ ሸሽታ ፍቺ የጠየቀች አንዲት አስተማሪ ነበረች፤ ስሟ ሲጠራ የሰማ የባሏ ወዳጅ ከችሎት ስትወጣ ተከትሏት፣ የተደበቀችበትን ቤት ለባሏ ጠቁሞታል። ይሄን ግቢው ሁሉ ያውቃል።

"ደንቡ እውነት አለው" አለች ስብሰባው ላይ።

ወጣቱ ሬጅስትራር ደስ ብሎት ከስክሪኑ ማዶ ወንበር አስቀመጠላት። "እትዬ፣ ብዙ ዘመን ቆመዋል፤ አሁን አረፍ ይበሉ። ስክሪኑ ሲበላሽ ብቻ ይንገሩን።"

ማረፍ ግን አልሆነላትም። ቁጭ ትላለች፣ ትነሳለች። ያልቆሸሸ ስክሪን ትወለውላለች። መስኮቱን ትከፍታለች፣ በረደኝ ብላ ትዘጋለች። ስክሪኑ "ቲን" ባለ ቁጥር ዓይኗ ወደ አግዳሚዎቹ ይሮጣል። ቁጥር አይቶ የሚነሳውን ሰው ታያለች፤ ያልተነሳው ግን ማን እንደሆነ አታውቅም፣ እሱ ነው ያስጨነቃት። ለጽዳት ሠራተኛዋ ብትነግራት "ተዪው እትዬ፣ ዝም አይነቅዝም" አለቻት። ቤቷም ገብታ አላረፈችም። አልጋውን ወደ መስኮት፣ ቁም ሳጥኑን ወደ በር ስታዟዙር ባሏ መርፌውን አፉ ላይ እንደያዘ "እቃው ምን በደለሽ?" አላት።

አንድ ጠዋት አንድ ጡረታ የወጡ አናጺ መጡ። ሚስታቸው ከመሞቷ በፊት፣ ባሏ እስከ ዕድሜው ፍጻሜ ከቤቷ እንዳይወጣ ተናዝዛ ነበር። ከፊተኛው ባሏ የወለደቻቸው ሁለት ወንዶች ደግሞ ኑዛዜው ይፍረስልን ብለው ከሰዋል። ደወል ሽማግሌውን ለይታቸዋለች፤ ደንቡ ሳይመጣ በፊት አንድ ጊዜ ጠርታቸዋለች። ዛሬ ለስክሪኑ ጀርባቸውን ሰጥተው፣ ቁጥር የተጻፈባትን ብጣሽ ወረቀት በጣታቸው እያሻሹ ተቀምጠዋል።

ስክሪኑ ቲን አለ። ልጆቹ ከነጠበቃቸው ተነስተው ገቡ። ሽማግሌው አልተነቃነቁም። ጥቂት ቆይቶ በሩ ተዘጋ።

ደወል ብድግ አለች። ስማቸው ጉሮሮዋ ላይ መጥቶ ቆመ፤ ዋጠችውና እየሮጠች አጠገባቸው ደረሰች።

"አባቴ፣ ቁጥርዎ ወጥቶ የለም እንዴ?"

"የምን ቁጥር ልጄ? ዓይኔ እኮ ሩቅ አያይም። አንቺ እስክትጠሪኝ ነው የምጠብቀው፤ ድምፅሽን አውቀዋለሁ።"

ሌላ አልጠየቀችም። ክንዳቸውን ይዛ በሩን በትከሻዋ ገፋችው። ዳኛዋ ተከሳሹ ስላልቀረቡ ጉዳዩ በሌሉበት እንዲታይ ትእዛዙን እያስጻፉ ነበር።

"ክብርት ዳኛ፣ ተከሳሹ እዚህ አሉ!" ድምፅዋ እንደ ድሮው ወጣ። ጸሐፊዋ ከወንበሯ ተፈናጠረች።

ጠበቃው ተነሳ። "ክብርት ዳኛ፣ በደንቡ መሠረት ተጠርተው አልገቡም።"

ዳኛዋ መነጽራቸውን አወለቁ። "አባት፣ ለምን አልገቡም?"

"ስሜን የጠራ የለማ፣ እመቤቴ። ከጠዋት ጀምሮ ደጃችሁ ላይ ነኝ።"

ዳኛዋ ያስጻፉትን አሰረዙና ሽማግሌውን አስቀመጧቸው። ወደ ደወል ዞረው ግን "ችሎት እንዲህ አይገባም፤ ሁለተኛ እንዳይለምድሽ" አሏት። ፊቷ እሳት መሰለ፤ ጎንበስ ብላ ወጣች።

ከሰዓት በኋላ ሬጅስትራሩ ጠራት። "እትዬ፣ ምን ነካዎት? ከላይ ጥያቄ መጥቶብኛል።"

"ስም አልጠራሁም። የሰው ክንድ ይዤ አስገባሁ እንጂ።"

"የእርስዎ ሥራ መቀመጥ ነው፤ ደንቡ..."

"ደንቡ ላይ ደወል ትቀመጥ የሚል አለ?"

ልጁ ሊቆጣ ፈልጎ ሳቁ አመለጠው። ማስጠንቀቂያውን ግን ጻፈባት፤ እሷም ፈረመች። በማግስቱ ወንበሯን ለአንዲት ነፍሰ ጡር ባለጉዳይ ሰጥታ፣ በየአግዳሚው እየዞረች ሽማግሌውንም አሮጊቷንም "ቁጥርዎን ላንብብልዎት?" ማለት ጀመረች። ማንም አልፈቀደላት፣ ማንም አልከለከላት። ሹክሹክታ አልዋጣላት ብሎ ብዙ ሰው አስበርግጋለች።

ክርክሩ ተጎተተ። የኑዛዜው ምስክሮች ተሰሙና በመጨረሻ ኑዛዜው ጸና፤ አናጺው ከቤታቸው አልወጡም። ልጆቹ ግን እንጀራ አባታቸውን ሰላም ሳይሉ በፊታቸው አለፉ። ሽማግሌው ያሸነፉ ሰው አይመስሉም ነበር። ደወል ያንን ካየች ወዲህ ደግሞ ሌላ ነገር ይቆረቁራት ጀመር።

"የኛ ቤት ለማን ነው?" አለችው ባሏን እጅጌ ሲሰፋ።

"ሟርት አትጥሪብን! ደህና ነን እኮ።"

"ደህና ሳለን ነዋ የምለው። ታመን ማን ይሰማናል?"

ቀን ከቀን ጨቀጨቀችው። "አንቺስ ሞቼም አታሳርፊኝ" አለና በመጨረሻ ኮቱን ለበሰ። ምስክሮች ይዘው ሄደው ተናዘዙ፤ ቤቱ ለሴቷም ለወንዱም ልጃቸው እኩል፣ ከባልና ሚስቱ አንዱ ቀድሞ የሞተ እንደሆነ ግን የቀረው እስኪያልፍ ቤቱ እንዳይነካ።

ልጆቹን ጠርተው ሲነግሯቸው ሴቷ ልጅ እንባዋ መጣ። "ምን ሆናችኋል? አሟችኋል እንዴ?"

"ምንም አልሆንን" አለች ደወል። ተነስታ መስኮቱን ከፈተች፣ ተመልሳ ልጇ አጠገብ ተቀመጠች። "ወንድምሽን ሰላም ሳትዪው በፊቱ እንዳታልፊ ነው።"