ነገሪ ቤቱ የዋለበት ገና

ነገሪ ገናን ቤቱ ውሎ አያውቅም ነበር። ባሌ ላይ የስንዴው አጨዳና በዓሉ ይገጣጠማሉ፤ እሱ ደግሞ የኮምባይነር ሹፌር ነው። ሌላው ሰው በግ ሲያርድ እሱ ሲናና ወይም አጋርፋ፣ ከማሽኑ ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ ባለማሳው ያመጣለትን ዳቦ ይገምጥ ነበር። ሮቤ የሚመለሰው ከጥምቀት በኋላ፣ ፀጉሩ ገለባ ለብሶ፣ ጆሮው ደንቁሮ ነው። ሚስቱ እኅተማርያም "ባሌን ለስንዴ ዳርኩት" እያለች ጎረቤቱን ታስቅ ነበር። ልጅ ተመኝተው አልሆነላቸውም። ያፈሩት ይህን ቤትና ከኋላው ያሉትን ሁለት የኪራይ ክፍሎች ነው።

ዘንድሮ ግን ቤቱ ዋለ። ማሽኑን ሌላ ሹፌር ይዞት ወጥቷል። ነገሪ መስኮቱ ሥር በተዘረጋለት አልጋ ላይ በሁለት ትራስ ተደግፏል። ከመስከረም ጀምሮ እህል አልወርድ ብሎታል፤ መጀመሪያ እንጀራው፣ ቀጥሎ ገንፎው፣ አሁን አጥሚቱም በስንት ትግል ነው የሚያልፈው። ጎባ ያየው ሐኪም የምግብ ቧንቧ ካንሰር መሆኑን ነግሯቸዋል። "አዲስ አበባ ብትወስጂውም በዚህ አቅሙ ኦፕራሲዮኑን አይችለውም" አላት። ነገሪ የያዘው "አይችለውም" የሚለውን ነው። እኅተማርያም የያዘችው "በዚህ አቅሙ" የሚለውን።

ጾሙ መደበቂያው ነበር። ቄሱ ፈቅደውለት ሳለ "አልገድፍም" ብሎ ድርቅ አለ፤ ጾሜያለሁ ማለት መዋጥ አቃተኝ ከማለት ይቀላል። እሷም "ጾሙ ይፈታ ብቻ፤ ሥጋ ሲቀምስ ይበረታል" እያለች ከረመች። ዛሬ ጾሙ ተፈታ።

አብረዋቸው የጾሙት ሁለቱ የድመት ግልገሎች የዶሮ ወጡ ሲሸታቸው አብደዋል። ስም ያወጣላቸው ነገሪ ነው። እግር ላይ የምትጠመጠመዋን በማሽን ቀበቶ ስም ቺንጊያ አላት፤ ድቡልቡሉን በሚሽከረከረው የማሽን ብረት ስም ኩሽኔታ። ቺንጊያ ብርድ ልብሱ ሥር የሚንቀሳቀሰውን የእግሩን ጣት እያደነች ነው። ኩሽኔታ ባዶ ጫማው ውስጥ ገብቶ መውጣት አቅቶት ጫማውን እየጎተተ ወለሉን ይዞራል። ነገሪ ሳቀ። የቤቱ ጠዋት ምን እንደሚመስል እስካሁን አያውቅም ነበር፤ ፀሐይዋ ከቁም ሳጥኑ ወደ በሩ እንደምትሄድ፣ ሚስቱ ስትጠርግ እንደምታንጎራጉር። "ተመስገን" አለ በልቡ፤ "ይህን ሳላይ ልሄድ ነበር።"

እኅተማርያም ሳህኑን አመጣች። "ፈረሰኛው ያንተ ነው። እኔ አንተ ሳትቀምስ አልቀምስም። ላጉርስህ?"

"መሪ ስጨብጥ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ እጅ አላጣሁም። ይልቅ ሻይ ጣጂ፣ እንግዳ ይመጣል።"

እሷ ስትወጣ አንዲት ቁራሽ ሞከረ። ቁራሿ ጉሮሮው ላይ ቆማ ቀረች። በመሐረቡ ተቀብሎ አወጣት። ከዚያ በርበሬውን በእንጀራ እየጠረገ ፈረሰኛውን ለግልገሎቹ ሰጣቸው። እያጉረመረሙ፣ እያስነጠሳቸው፣ እየተሻሙ ጨረሱት። አጥንቱን፣ በልቶ የጠገበ ሰው እንደሚተወው አድርጎ፣ ሳህኑ ዳር አስቀመጠ።

ተመልሳ ስታየው በሩ ላይ ቆመች። እልልታዋን በመዳፏ አፈነችው።

"አላልኩህም? አላልኩህም ነገሪ! ተመስገን! ተመስገን!"

ከታመመ ወዲህ እንዲህ ስትስቅ አላያትም። ለዛሬ ብቻ ብሎ ነበር፤ በዓሏን በደስታ እንድትውል።

በሩ ተንኳኳ። ጎረቤታቸው ወዚር ነው፤ ቅመም ነጋዴው፣ በዓል ሳይጠይቃቸው የማያልፈው።

"አያና ጋሪ! መልካም በዓል! ጋሽ ነገሪ፣ አካም ጅርቱ?"

"ነጋ ነው፣ ሰላም ነው ወዚር። ግባ።"

እኅተማርያም ዳቦና ሻይ አቀረበችለት፤ ከእሷ እርድ እንደማይበላ ታውቃለች። እሱ ሳይቀመጥ ጀመረች።

"ፈረሰኛውን ጨረሰው እኮ! አጥንቱን እይ!"

"ማሻአላህ! አጫጁ ዶሮም ማጨድ ጀመሩ?"

"እንግዲህ ያ የቤቱ ሽያጭ ነገር፣ ነገ ምስክር ይዘህ ና። እንፈራረም። አዲስ አበባ ልወስደው ነው።"

ወዚር ዳቦውን እንደያዘ ወደ ነገሪ ዞረ። "ቤቱ እንደሚሸጥ እርስዎ ያውቃሉ?"

"እሱ ይዳንልኝ እንጂ እኔ የትም ተከራይቼ እኖራለሁ" አለች።

ነገሪ ሁለቱን የኪራይ ክፍሎች አሰበ፤ ከእሱ በኋላ የምትበላው ከእነሱ ነው። የዛሬ ሳቋ ቤቷን ሊያሸጣት ነው።

"እኅቴ" አላት፣ "በይ አጉርሺኝ።"

ደስ ብሏት እጇን ታጠበች። "ትልቅ ይሁን፣ በዓል ነው!" አለ ወዚር። እሷ ግን ሕፃን እንደሚያጎርሱ አሳነሰችው። ነገሪ አላመጠ። ደጋግሞ አላመጠ። አንገቱ ተገተረ፤ ጎንበስ አለ፤ የጎረሰው እንዳለ ተመልሶ ነጠላዋ ላይ ወደቀ።

አልጋው ሥር ኩሽኔታ አስነጠሰው። እኅተማርያም ጎንበስ ብላ አየችው፤ የግልገሉ አፍ ዙሪያውን በወጥ ቀልቷል። ከዚያ አጥንቱን አየች።

"ለምን?"

"ስትስቂ ላይ ብዬ።"

"ታዲያ ምናለ ዝም ብትለኝ!"

"ዝም ካልኩ ቤቱን ትሸጫለሽ።"

ወዚር ዳቦውን አስቀመጠ። "እትዬ፣ ነገ አልመጣም" አለ በቀስታ። ሲወጣ፣ ለታማሚ የሚባለውን ምርቃት ጀምሮ ተወው፤ የነገሪን እጅ ብቻ ስሞ ሄደ።

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። "ምን ላድርግልህ ታዲያ? ንገረኝ፣ ምን?"

"ብዪ። ባዶ ሆድሽን ነሽ።"

ብዙ ተከራከረች። በመጨረሻ ሳህኑን አንስታ ወደ ግድግዳው ዞረች።

"ወደዚህ ዙሪ" አላት።

"እያየኸኝ እንዴት ይወርድልኛል?"

"እንዲወርድልሽ ነው የማይሽ።"

ዞረች። ጎረሰች፤ እንባዋ ከእህሉ ጋር አፏ ገባ። እስክትውጥ ድረስ ዓይኑን ከጉሮሮዋ ላይ አልነቀለም። ሁለተኛውን ጉርሻ ለማንሳት እጇ ብዙ ቆየ።