ረቡዕና ዓርብ የሚሞተው መስመር

ቦሌ ሩዋንዳ አካባቢ ያለውን ያን ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ ኬብል የዘረጋሁት እኔ ነኝ። ማንም አላገዘኝም። ማንበብ የተማርኩት በጎልማሳነቴ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ታፔላና ደብዳቤ አነባለሁ፣ ከዚያ ያለፈው ያደክመኛል። ሥራዬን ግን አውቃለሁ። መጀመሪያ የስልክ መስመር ዘርጊ ነበርኩ። ኋላ ቦሌ ፎቅ በፎቅ ላይ ሲወጣባት፣ ባለ ሕንፃው ሁሉ ኢንተርኔት ካላስገባሁ አለ፤ እኔም ከስልክ ወደ ኔትወርክ ዞርኩ። ሽቦ ሽቦ ነው፤ መጎተቱ ያው ነው።

ሁለት ልማድ ነበረኝ። አንደኛው፣ ኬብል ላይ ቁጥር አልጽፍም። በምስማር ላዩን ሰረዝ አደርግበታለሁ፤ ቁም ሰረዙ ፎቁን፣ አግድሙ ክፍሉን ይነግረኛል። አባቴ ዛሬ ያ ሕንፃ ከቆመበት ብዙም በማይርቅ ሜዳ ላይ ከብቶቹን የሚለየው በጆሯቸው ቁርጥ ነበር፤ ከሩቅ አይቶ አይሳሳትም። እኔም አልሳሳትም። ሁለተኛው ልማዴ፣ አንድ ኬብል ለሚበቃው ክፍል ሁለት መጎተት ነው። አንዱ ለሥራ፣ አንዱ ለክፉ ቀን። አይጥ ይበላዋል፣ አናጺ በምስማር ይበሳዋል፤ ያኔ ግድግዳ ከማፍረስ መለዋወጫው ይሻላል።

ሕንፃው ሥራ ሲጀምር ጠጋኝ አድርገው አስቀሩኝ። ደህና ነበር። ከዚያ ረቡዕና ዓርብ መስመሩ መሞት ጀመረ። ልክ ስድስት ሰዓት ላይ ከምድር ቤት እስከ አምስተኛ ፎቅ ድርግም። ዘጠኝ ሰዓት ግድም ማንም ሳይነካው ይመለሳል።

የአራተኛ ፎቅ ልጆች ደረጃው ላይ ሲያገኙኝ ይስቁብኛል።

«አባባ፣ ኔትወርኩን አስጠመቁት እንዴ? ጾመኛ ሆነብን!»

«ከአንተ ይሻላል» ይለዋል ጓደኛው። «እሱ እስከ ዘጠኝ ይቆያል፤ አንተ አራት ሰዓት ላይ ሳምቡሳ ስትገምጥ ነበር።»

ዐቢይ ጾም ሲገባ ግን ሳቁ ቀረ። በየቀኑ ሆነ። ተከራዮቹ ሥራ አስኪያጁ ላይ ጮኹ፤ እሱም ምድር ቤት ያለው ሬስቶራንት በር ላይ አገኘኝ። ልጅ እግር ነው፣ ከረባት አይለየውም፣ ክፉ ሰው ግን አይደለም።

«አባባ፣ እንዳይቀየሙኝ። ኬብሉ አርጅቷል። በሙሉ ነቅለን በሌላ ድርጅት እናዘረጋለን። እርስዎም እስከ ዛሬ ደክመዋል፣ አሁን ይረፉ።»

ይረፉ ማለት ይውጡ ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። የሬስቶራንቱ አስተናጋጆችም ሒሳብ ተቀባይዋ ካሸርም ይሰማሉ። ደሜ ፈላ።

«ኬብሌ ይህን አላደረገም» አልኩት። «መርማሪ አምጣ። ጥፋቱ ከእኔ ኬብል ከሆነ መሰላሌን ተሸክሜ በዚህ በር እወጣለሁ። ካልሆነ ግን እዚሁ ቆመህ፣ ሰው ፊት፣ ይቅርታ ትለኛለህ።»

«እሺ፣ ይሁን» አለ።

በማግስቱ፣ ዓርብ ጠዋት፣ መርማሪዋ መጣች። ኢንጂነር ናት፤ ላፕቶፕ በጀርባ ቦርሳ ያዘለች ወጣት ሴት። ሁለተኛ ፎቅ ያለውን የኬብሎቹን ቁም ሳጥን ከፈተችና ከላይ እስከ ታች አየችው። የሕንፃው ኬብል ሁሉ እዚያ ነው የሚሰበሰበው፤ ስዊች በሚሉት ባለ ብዙ ቀዳዳ ማከፋፈያ ላይ ይሰካል።

«የዘረጉት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ። ምን ይሁን?»

«ምንም፤ ቆንጆ አዘረጋግ ነው። ቁጥር ግን የለውም።»

«ምልክት አለው።»

«ለማን?»

«ለእኔ።»

ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። በርጩማ አምጥቼ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«እዚህ ሊውሉ ነው?»

«ኬብሌ ላይ ሲፈረድ ዳኛው ምን እንደሚያነብ ማየት አለብኝ። አስረጂኝ፤ ቀስ ብለሽ።»

አስረዳችኝ፤ እግዜር ይስጣት፣ አልናቀችኝም። በመስመሩ የሚያልፈው ነገር እንደ ውኃ አይፈስም። እየተቆረጠ፣ እየታሸገ ነው የሚሄደው። አንዱን እሽግ ፍሬም ይሉታል። አናላይዘር የምትለው ፕሮግራም እሽጉን ይይዝና ሆዱን በጥንድ በጥንድ ምልክት ይዘረግፈዋል። ምልክቶቹ አሥራ ስድስት ብቻ ናቸው፤ ከዜሮ እስከ ዘጠኝ ያለው ቁጥር፣ ከዚያ ስድስት የፈረንጅ ፊደል። የእኛ ፊደል ከሀ እስከ ፐ ስንት ወር አንገላቶኛል። አሥራ ስድስቱን ቁርስ ሳይደርስ ጨረስኳቸው።

«አሁን ይቁጠሩ» አለችኝ። «የመጀመሪያዎቹ ስድስት ጥንዶች የተቀባዩ አድራሻ ናቸው። ቀጣዮቹ ስድስት የላኪው። ከእነሱ በኋላ ያሉት ሁለት ጥንዶች ደግሞ ውስጡ ያለው ምን ዓይነት እንደሆነ ይናገራሉ።»

በጣቴ ስክሪኑን እየነካሁ ቆጠርኩ። «08 00።»

«እሱ ተራው የኢንተርኔት እሽግ ነው። 08 06 ከሆነ ደግሞ ጥያቄ ነው፦ የዚህ ቁጥር ባለቤት ማነው? ለእኔ ንገሩኝ የሚል።»

«ሌላ ቁጥር ቢሆንስ?»

«ዝርዝር አለ፤ ፕሮግራሙ ከዝርዝሩ ያመሳክራል። ከ06 00 ያነሰ ከሆነ ግን የዓይነት ስም አይደለም፣ የርዝመት ልክ ነው። የድሮ አሠራር ነው፤ ያኔ ዓይነቱን ከዚያ ወዲያ ነው የሚፈልገው።»

08 00 ያለበትን ስንከፍት ውስጡ ሌላ እሽግ አለ። እሱም ዓይነቱን በአሥረኛው ጥንድ ላይ ይናገራል፤ 06 አንድ ነገር ነው፣ 11 ሌላ ነገር ነው። ያም ሲከፈት ውስጡ የበር ቁጥር አለው፤ በሩ ድረ ገጽ ይሁን የስም መጠየቂያ ይሁን ይታወቅበታል። ሾላ ገበያ ማዳበሪያ ሙሉ ዕቃ ሲራገፍ አይቻለሁ፤ ጆንያ ውስጥ ፌስታል፣ ፌስታል ውስጥ ቋጠሮ። ነጋዴዋ ቋጠሮውን ሳትፈታ በላዩ ክር ትለየዋለች።

«ታዲያ ይሄ ማሽን አዋቂ አይደለም» አልኳት። «የታወቀ ቦታ ላይ የታወቀ ምልክት ነው የሚያየው። እኔም የማደርገው ይህንኑ ነው።»

«ልክ ነዎት። ለዚህ ነው አንዳንዴ የሚሳሳተውም። አንዱ በሌላው በር ከገባ በበሩ ስም ይጠራዋል።»

እኔን የሚያንገበግበኝን ጠየቅኋት። «ኬብሌ ቢበላሽ እሽጉ ተቀዶ አይደርስም? የተቀደደውን አሳዪኝ።»

«የተቀደደውን ላፕቶፑ ውስጥ ያለው የኔትወርክ ካርድ ራሱ ይጥለዋል፤ ስክሪኔ ላይ አይወጣም። ግን ስንት እንደጣለ ይቆጥራል።»

ተነሣን። ከፎቅ ፎቅ ዞርን፤ ላፕቶፑን በየክፍሉ ኬብሌ ጫፍ ላይ እየሰካች የተጣለውን አየችልኝ። ዜሮ። ዜሮ። ሌላ ክፍል፣ ዜሮ።

«በይ፣ አሁን ውረጂና ለሥራ አስኪያጁ ንገሪው» አልኩ።

«ይቆዩ እንጂ አባባ፣ ገና ስድስት ሰዓት አልሆነም።»

ቁም ሳጥኑ ጋ ተመልሰን ጠበቅን። ስድስት ሰዓት ሆነ። የስዊቹ መብራቶች በሙሉ አንድ ላይ አበዱ። ስክሪኑ ላይ መስመሩ መነበብ እስኪያቅት ወረደ፤ ላፕቶፑ እንደ ወፍጮ አጓራ። ቶሎ ብላ አቆመችውና፦

«ያንብቡልኝ» አለች።

ስድስት ጊዜ FF። ይሄ ለሁሉም ሰው ማለት እንደሆነ ነግራኛለች። ከዚያ የላኪው ስድስት ጥንድ። ከዚያ 08 06።

«ጥያቄው ነው» አልኩ። «ከሥሩ ያለውም ጥያቄው ነው። ከሥሩም...»

«ውስጣቸውስ?»

አየሁ። ያው ጠያቂ፣ ያው ተጠያቂ፣ አንድ ምልክት አልተለወጠም። የላኪውን አድራሻ ከሕንፃው ዕቃዎች ዝርዝር ፈለገችው፤ የአራተኛ ፎቅ ማተሚያ ሆኖ ተገኘ።

ብድግ አልኩ። «አገኘነው! እነዚያ ልጆች ናቸው፤ ልሂድና...»

«ይቀመጡ አባባ! ማተሚያው አንዴ ብቻ ነው የጠየቀው። ጥያቄው ነው መውጫ አጥቶ የሚዞረው። የላኪው አድራሻ ማን እንደጠየቀ እንጂ የት እንደሚዞር አይነግረንም። የሆነ ቦታ መስመሩ ጭራውን ነክሷል።»

«የትስ እንደሆነ በምን ይታወቃል?»

«አንድ አንድ እየነቀልን።»

መሰላሌ ላይ ወጣሁ። እነቅላለሁ። «አለ» ትላለች፤ መልሼ እሰካለሁ። እነቅላለሁ፤ «አለ»። ጉልበቴ ያመኛል፣ አልወርድም። ወደ መጨረሻው ረድፍ ስደርስ አንዱን ነቀልኩ።

«ቆመ!» አለች።

ኬብሉን በእጄ እንደያዝኩ አገላበጥኩት። አንድ ቁም፣ ሦስት አግድም፣ ጥግ ላይ ትንሽ ጭረት። አንዱ ቁም ምድር ቤት ነው፤ ክፍሉ የሬስቶራንቱ የኋላ ክፍል። ጭረቷ መለዋወጫ ማለት ናት። ለክፉ ቀን ያልኩት።

ኬብሉን ሳልሰካ ተውኩት። ወረድን።

የኋላው ክፍል የጾም ቡፌ የሚዘረጋበት ነው። ካሸሯ በጾም ቀን እዚያ ትቀመጣለች፤ ትእዛዝ ወደ ወጥ ቤት የምትልክበት ኮምፒውተርና ማተሚያ አላት፣ ሁለቱን የምታገናኝበት ትንሽ ስዊች ጠረጴዛ ሥር ተቀምጧል። ቡፌው ሲከፈት ታበራዋለች፣ ዘጠኝ ሰዓት ሲነሣ ታጠፋዋለች። ከግድግዳው የወጡት ሁለቱ ኬብሎቼ ሁለቱም እሱ ላይ ተሰክተዋል። ላይ ሁለት፣ ታች ሁለት፤ የገባው ጥያቄ በአንዱ ወርዶ በሌላው ይወጣል።

ሥራ አስኪያጁም ደረሰ። ኢንጂነሯ አሳየችው።

«ማነው ይሄን የሰካው?»

ካሸሯ ሽሮ ያለበት ጭልፋ እጇ ላይ ነበር። «እኔ ነኝ። ገመዱ መሬት ላይ ወድቆ ሰው ይረግጠው ነበር፣ ቀዳዳ አገኘሁለትና... እኔም ኮምፒውተሬ አይሠራልኝም ነበር እኮ! ሕንፃው በሙሉ ስለጠፋ ነው እያልኩ።»

«አንቺ ነሽ ለካ ይህን ሁሉ ጊዜ!» ብሎ ፊቱን አጠቆረባት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ፤ አስተናጋጆቹ ቆመዋል፣ ተስተናጋጁም አቀርቅሮ ይሰማል። ከረባቱን አስተካከለ። «አባባ፣ እውነትዎን ነበር። ሰው ፊት ይቅር...»

ከትናንት ጀምሮ ስመኘው የነበረው ነገር ከአፉ ሊወጣ ነው። ሰረዙን ማንበብ የሚችል ሰው እዚያ ክፍል ውስጥ ከእኔ በቀር የለም። ዝም ብል ኖሮ ሥራዬም ስሜም እጄ ላይ ነበሩ፤ ካሸሯ ግን ታለቅስ ነበር።

«ይቅርታህን ያዝ» አልኩት። «ኬብሉ የእኔ ነው።»

«ምን ማለትዎ ነው? ቁጥር እንኳ የለውም።»

«ምልክት አለው። የታችኛውን ጫፍ እሷ ሰካችው፤ ላይኛው ጫፍ ስዊቹ ላይ ባይሰካ ኖሮ ምንም አይሆንም ነበር። ተንጠልጥሎ የሚቀር ጫፍ ዓይኔ ስለማይወድ ላይ ሰክቼው የሄድኩት እኔ ነኝ። ጥፋቱ ከላይ ነው የጀመረው። እሷን ተዋት።»

ኢንጂነሯ ቀና ብላ አየችኝ። ሥራ አስኪያጁ ተቸገረ።

«እሺ፣ አሁን ተነቅሏል አይደል? አለቀ። ሥራዎ ላይ ይቀመጡ።»

«ሰው ፊት ተናግሬያለሁ። እወጣለሁ።»

«ኧረ አባባ፣ ምን ዓይነት ግትር ሰው ነዎት?»

«ግትር ነኝ።»

መሰላሌን ልይዝ ሁለተኛ ፎቅ ስወጣ ኢንጂነሯ ተከተለችኝ። የቁም ሳጥኑን በር ይዛ ቆመች።

«ይሂዱ» አለች። «ግን ይህን ሁሉ ሰረዝ ለማን ትተው? እኔ ያለ ዝርዝር አንድም እሽግ መፍታት አልችልም። ዝርዝሩ ያለው እርስዎ ጭንቅላት ውስጥ ነው።»

መሰላሉን መልሼ አቆምኩት። ዝርዝሩን ሳልሰጥ ብወጣ፣ ሌላ ጥፋት ጥዬ መውጣቴ ነው።

ሁለት ሳምንት ቆየሁ። እሷ ጊዜ ባገኘች ቁጥር ትመጣለች፤ እኔ መሰላሉ ላይ ሆኜ ሰረዙን አነባለሁ፣ እሷ ቁጥር በፕላስተር ላይ ጽፋ ትለጥፋለች። ሥራ ሲበዛባት ብቻዬን ጻፍኩ። የእኔ ሰባት ጠማማ ነው፤ ይነበባል ግን። ላይ ሰክቻቸው የነበሩትን መለዋወጫዎች ሁሉ ነቀልኩ። ከሬስቶራንቱ ሌላ አራት ነበሩ፤ ለሥራ አስኪያጁ አልደበቅኩትም።

የመጨረሻው ቁጥር የተለጠፈው ዓርብ ቀን ነው። ስድስት ሰዓት ሲሆን ወርጄ የኋላው ክፍል ተቀመጥኩ። ካሸሯ ትንሹን ስዊች አበራችና ዓይኔን ዓይኔን አየችኝ። መብራቶቹ በየተራቸው ብልጭ ብልጭ አሉ፣ አላበዱም። ሽሮና ጎመን አቀረበችልኝ፤ እስከ መጨረሻው በላሁ። ከአራተኛ ፎቅ ማንም እየጮኸ አልወረደም። መሰላሌን ተሸከምኩና ባልኩት በር ወጣሁ።

ዛሬ ገርጂ ሌላ ሕንፃ ላይ ነኝ። ለአንድ ክፍል ሁለት ኬብል መጎተቴን አልተውኩም፤ አልተውምም። የሁለተኛው ላይኛው ጫፍ ግን ከቁም ሳጥኑ ውጭ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ሳየው አሁንም ያስጠላኛል። ጫፉ ላይ ቁጥር አለበት፤ የጻፍኩት እኔ ነኝ።