እግሩን የሚይዝ ሰው ጠፋ

ሸዋ ሮቢት ላይ ጣሊያን የመንገድ ሠራተኞቹን የሚያሳክምበት አንድ የቆርቆሮ ቤት ነበረው። እኔ እዚያ የደም ጨርቅ አጣቢ ነበርኩ፤ ባሌን ወባ ከነጠቀኝ ወዲህ ሌላ እንጀራ አላገኘሁም። ቀትር ላይ ቆርቆሮው ሲግል ውስጥ የቆመ ሰው አናቱ ይፈላል። ሐኪሙ ጣሊያን ነው። ሰው በሚቀደድባት ክፍል ውስጥ የሚያግዙት ሁለት ያገሬ ወንዶች ነበሩ። አንደኛው ሸምገል ያለ፣ የሚያስተኛውን መድኃኒት በጨርቅ ላይ እያንጠባጠበ በሽተኛውን የሚያደነዝዝ ነው። ሁለተኛው ጎረምሳ ነው፤ ትከሻው ይህን ያህላል፤ ሥራው በሽተኛ መያዝ ነበር። መያዝ ብቻ! ሌላ ምንም አልታዘዘም።

ታዲያ ወላሂ፣ ነገሩ የከፋ ሲመስላቸው ሁለቱም እጃቸውን ሰብስበው ግድግዳ ላይ ይለጠፋሉ። ለምን ብትሉ፣ የሟች ዘመድ ያስፈራቸዋል። በኛ ቆላ ሰው በሰው እጅ ከሞተ ደሙ ይፈለጋል። ፈረንጁን ማን ደፍሮ ይጠይቀዋል? የሟች ወንድም ጦሩን ይዞ የሚመጣው፣ ሲቆርጡት እግሩን የያዘው ማን ነው እያለ ነው። ከነሱ በፊት የነበረው ያዥ በዚሁ ሰበብ ማጀቴ ከተማ ድረስ ሸሽቶ ቀርቷል። ከሴት ግን ደም አይፈለግም። ስለዚህ ጭንቅ ሲመጣ ከልብስ ማጠቢያው የምጠራው እኔ ነኝ። ስንቱን ቀን አንጀቴ እያረረ ገብቻለሁ!

አንድ ቀን ከጣርማ በር በካሚዮን አንድ ልጅ አወረዱ። ዋሻውን ሲቆፍሩ ቋጥኝ ተፈንቅሎ ቀኝ እግሩን ከጉልበቱ በታች አድቅቆታል። በማግስቱ እናቱ፣ አጎቱና ታላቅ ወንድሙ ከአሊዩ አምባ መጥተው ከዚያችው ክፍል መስኮት ፊት ለፊት ካለችው ግራር ሥር ተቀመጡ። ሐኪሙ እግሩን አይቶ ነገሩን አሳወቀ፤ ቶሎ ካልተቆረጠ ልጁ ይሞታል፣ ከተቆረጠ ግን ይተርፋል። አጎቱ አላህ ያውቃል ብሎ ፈቀደ።

የሚያስተኛው መድኃኒት ደግሞ ማለቁ ነበር። መንገዱን አርበኞች ስለሚቆርጡት ከአዲስ አበባ የሚላከው ከመጣ ሰንብቷል። ሽማግሌው ከጠርሙሱ ሥር የቀረችውን አንጠባጥቦ ጨረሰና ከጎረምሳው ጋር ግድግዳው ላይ ተለጠፈ፤ እኔ ተጠራሁ። ሐኪሙ ሥጋውን ከፍቶ አጥንቱ ላይ ሲደርስ ልጁ ዓይኑን ገለጠ።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን ጠላቴም አይየው። ሲወራጭ ደሙን እንዲያግድ ጭኑ ላይ የታሰረው ጠፍር ላላና ደሙ ገነፈለ። ሐኪሙ የደም ሥሩን ይዞ ለማሰር ይታገላል፣ እግሩ ግን አልረጋ አለው። በቋንቋው ይጮሃል። እኔ በሁለት እጄ ጭኑን ጨቁኜ ደረቴን ጉልበቱ ላይ ጣልኩ፤ እኔኑ አንስቶ ይጥለኛል። ጎረምሳው ከግድግዳው ሳይነቃነቅ፣ በርቺ፣ አንቺን ማንም አይጠይቅሽም ይለኛል። ሽማግሌውማ ጭራሽ ፊቱን አዙሯል። ሰደብኳቸው፤ ለመንኳቸው፤ በወለዷቸው ተማጠንኳቸው። በስተመጨረሻ ልጁ ራሱ አንገቱን ቀና አድርጎ አያቸው።

«ወንድሞቼ፣ ያዙኝ። እኔ ራሴን መያዝ አቃተኝ» አላቸው።

አልያዙትም። ያን ጊዜ ምድር ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ጭኑን ሳልለቅ በመስኮቱ አጎቱን ጠራሁና፣ ጋሼ፣ ደሙን ልቀቁላቸው፣ ካልለቀቃችሁ አይነኩትም አልኩ። ታላቅ ወንድሙ ከተቀመጠበት ተፈናጠረ። ሰው በሕይወት እያለ ደሙን ልቀቁ የሚባለው ሊገድሉት ነው አለ፤ እሱስ ቢሆን ምን ያድርግ? አጎቱ ብቻውን ደም መልቀቅ አይችልም፣ የወንድምየው ቃል ያስፈልጋል። እነሱ ግራሯ ሥር ሲነጋገሩ ደሙ በጣቶቼ መሐል ይሄዳል። ያ ረቢ፣ ነገር የሚያሳጥር ሰው እንዴት ይጠፋል? ኋላ እናቲቱ ሻሿን ከራሷ አውልቃ ታላቁ ልጇ እግር ሥር ዘረጋችው። እናት እንዲህ ከለመነች እምቢ አይባልም።

«ደሙን ለአላህ ትተናል» አለ ወንድምየው።

ሁለቱም ከግድግዳው ተላቀቁ። አያያዛቸውን ባያችሁ! ጎረምሳው ጉልበቱን፣ ሽማግሌው ትከሻውን ሲይዙት በሬ ያቆሙ ነበር። ሐኪሙም የደም ሥሩን ወዲያው አሰረው። ግን ልጁ መወራጨቱን ትቶ ነበር። ሐኪሙ አንገቱን ዳሰሰው፣ ዓይኑን ገልጦ አየው፣ ከዚያ መጋዙን አስቀመጠ።

ውጭ ስንወጣ አጎቱ የሁለቱን እጅ ያዘና፣ ለፍታችኋል፣ አላህ ይክፈላችሁ አላቸው። ጎረምሳው ምንም ሳያፍር፣ አቅማችን እስከፈቀደ ይዘነው ነበር አለ። ቅጥል አልኩ። አፌን ከፍቼ ልናገር ስል እናቲቱን አየኋት። ጸጉሯ እንደተገለጠ ወደ እኔ መጣችና እስከ ክርኔ የቀላውን እጄን ያዘች።

«ሲጣራ ሰምቻለሁ፤ ማንን ነበር የሚጠራው?» አለችኝ።

እነዚህን ሁለት ነበር ብዬ እንዴት ልንገራት? ልቧን የማሳርፍ መስሎኝ፣ «አንቱን ነበር፣ እናቴ» አልኳት።

እጄን እንደያዘች ወደ በሩ አየች። በሩ ክፍት ነበር፤ ቀኑን ሙሉ የዘጋውም የጠበቀውም ሰው አልነበረም።

«ታዲያ ምነው ሳትጠሩኝ?» አለች። «እኔም እኮ ሴት ነኝ። እኔ እይዘው ነበር።»