የሳጂዳ መንታዎች የደም ምርመራ

ሳጂዳ የወንድሜ ሚስት ናት፤ እኔ ግን እህቴ ነው የምላት። ጭሮ ጫት ተራ ገብታችሁ ብትጠይቁ የማያውቃት የለም። ገበሬ አያታልላትም፣ ሾፌር አይጮህባትም። ስለ እሷ ሳወራ እንደምኩራራ ይነግሩኛል። ልኩራራ፣ ማን ይከለክለኛል!

እኛ ዘንድ እርግዝና ይደበቃል። ሆድ እስኪገፋ ለማንም አይነገርም፤ ዓይን ይፈራላ። ሳጂዳ ደግሞ ከዚህ በፊት መንታ አርግዛ ሁለቱንም አጥታለች። የአሁኑን ከእኔም ጭምር ደብቃ፣ ሰፊ ቀሚስ ለብሳ ጫት ስታስጭን አምስተኛ ወሯ አለፈ። እግሯ ሲያብጥ ጊዜ ነው እየጎተትኩ ሐኪም ቤት የወሰድኳት።

ልጅ እግሩ ሐኪም ዶክተር ኪሮስ በአልትራሳውንድ አይቶ ሁለት ሴቶች ናቸው አለን። እልል ልል ስል ፊቱ ከበደብኝ። አንድ እንግዴ ልጅ ከተጋሩ የአንዷ ደም ወደ ሌላዋ እያለፈ ሁለቱም ሊሞቱ ይችላሉ፤ የፊተኞቹም ምናልባት በዚሁ ይሆናል አለ። ቀደም ብላ ብትመጣ በምስሉ ይለይ ነበር። አሁን የቀረው የደም ምርመራ ነው። ከእናትየው ክንድ ደም ይቀዳና፣ እዚያ ውስጥ ከሚገኘው የልጆቹ ዘረመል ከአንድ እንቁላል ይሁኑ ከሁለት ይታወቃል። ከሁለት ከሆኑ እንግዴ ልጃቸውም የየብቻ ነው፣ ስጋቱ ይቀላል። ከአንድ ከሆኑ ግን ሊጋሩ ስለሚችሉ በየሁለት ሳምንቱ መታየት አለባት።

ደሙ በአዲስ አበባ በኩል ወደ ውጭ ይላካል። ሳይዘገይ ማን ያድርሰው ሲባል ሳጂዳ ሳቀች፤ ከጫት መኪና የሚቀድም ማን አለ? ሾፌራችን ቡርሃን ብልቃጡን እንደ ጫቱ በእርጥብ ኮባ ሊጠቀልለው ሲል ዶክተሩ በስንት ልመና አስጣለው። ግን በሰዓቱ አደረሰው።

ውጤቱ ሲመጣ ከአንድ እንቁላል ናቸው። ወንድሜ ሳቢት ሰው እንዳይሰማ ብሎ ለመናት። እሷ ግን ጫት ተራ መሃል ቆመች።

«መንታ ነው ያረገዝኩት፤ ያሰጋሉ ተብያለሁ። ሸክም ሳነሳ ካያችሁኝ ከልክሉኝ፣ ቀጠሮዬን ከረሳሁ አስታውሱኝ» አለች።

ወላሂ፣ እንደዚያን ቀን በማንም ኮርቼ አላውቅም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚባለውን ድሮም እሰማዋለሁ፤ ደፍሮ ሳይደብቅ ሲናገር ያየሁት ግን እሷን ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ ገበሬው ሳይቀር ዛሬ ሐኪም ጋ አትሄጂም ወይ እያለ ከሥራዋ ያባርራት ጀመር።

በስምንተኛው ወር አንደኛዋ ማደግ ማቆሟ በምርመራ ታየ። ያንኑ ዕለት ሳጂዳን ሐረር ወሰድናት፤ በቀዶ ጥገና ተገላገለች። ትልቋ ወዲያው አለቀሰች። ትንሿ ዝም አለች፤ እኔም ጆሮዬን በሩ ላይ ለጠፍኩ። በመጨረሻ እሷም ጮኸች።

ማሻአላህ፣ አሁን ሌሊቱን ሙሉ እየተቀባበሉ ያለቅሳሉ። ባለፈው ሳቢት እንቅልፍ አጣሁ ብሎ ሲያማርር ሳጂዳ ቀና ብላ አየችው።

«አልሐምዱሊላህ በል» አለችው፤ «ጸጥ ባለ ቤት ውስጥስ ተኝተን አይተነዋል።»