ከአረንጓዴው በር ጀርባ

ትርንጎ ስትደውልልኝ በአረጋውያን መኖሪያው የልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ከማድረቂያው የወጡ አንሶላዎችን እያጠፍሁ ነበር። ከጎንደር በሥራ ሰዓት ስልክ ሲመጣ ልቤ ቀድሞ ይደነግጣል። ኖርዌይ ሰሜን ጫፍ ካለችው ከዚህች የወደብ ከተማ ከገባሁ ወዲህ መርዶ የሚያረዳኝ ስልክ ብቻ ነው። ባገራችን መርዶ ለብቻ አይነገርም፤ ሽማግሌዎች ጎሕ ሲቀድ ተሰብስበው፣ ጎረቤት አስከትለው ይመጣሉ። የሚወድቀውን ሰው የሚደግፍ ክንድ ተዘጋጅቶ ነው የሚነገረው። ስልክ ክንድ የለውም።

«እትዬ ዝማም አረፉ» አለችኝ። «ጠዋት ሳጣቸው ልጠይቃቸው ሄድሁ። በሩ እንደ ወትሮው አልተቀረቀረም። አልጋቸው ላይ ናቸው፤ ፊታቸውን ወደ በሩ አዙረው።»

«ነፍሳቸውን ይማር» ብዬ አማተብሁ፤ ከዚያ በልብስ ቅርጫቶቹ መካከል ወለሉ ላይ ተቀመጥሁ። አለቃዬ የታመምሁ መስሏት ውኃ አመጣችልኝ፤ ምን እንደሆንሁም ጠየቀችኝ። ከዐሥራ ምናምን ዓመት በፊት ባየሁት የዞምቢ ፊልም የተነሣ ነው የማለቅሰው ብላት ምን ትለኝ ነበር?

ያኔ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። አባቴ መሪጌታ ነበሩ፤ ከቤታችን ከዜማ በቀር ሌላ ድምፅ አይሰማም፣ ቴሌቪዥንም አልነበረንም። እኔ ግን በአጥር ወደምንዋሰናት ወደ ትርንጎ ቤት «እንግሊዝኛ ላጥና» እያልሁ እሄድ ነበር። ፊልሙ እንግሊዝኛ ስለሆነ ቃሌ ጨርሶ ሐሰት አይደለም እያልሁም ራሴን አጽናና ነበር። ሰው ትልቁን ውሸት ከመዋሸቱ በፊት በእንደዚህ ያለው ይለማመዳል።

የትርንጎ ወንድም ማንደፍሮ በየሳምንቱ ፍላሹን ይዞ ፒያሳ ይወርድና ፊልም ከሚጭኑበት ሱቅ አንድ አንድ ክፍል አስጭኖ ይመጣል። ታሪኩ እንዲህ ነው፤ ሙታን ተነሥተው መንገዱን ሁሉ ሞልተውታል፤ አንዲት እናት ደግሞ በእነሱ መካከል እየተሹለከለከች የጠፋ ልጇን ትፈልጋለች። ያገኘችው ሰው ሁሉ «ልጅሽ ሞቷል፣ ተመለሽ» ይላታል፤ እሷ ግን ትሄዳለች። ስምንትም ዐሥርም ሰው እንሰበሰባለን፤ እኔ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ትንሽ የእንጨት ዱካ ላይ ተቀምጬ ከሥር የሚጻፈውን እየተረጐምሁ አሰማለሁ።

እትዬ ዝማም የትርንጎ ቤተሰብ ተከራይ ነበሩ፤ ከጓሮ ባለች አንዲት ክፍል ብቻቸውን ይኖራሉ። የኮሶዬ ሰው ናቸው። ቀን ቀን መናኸሪያው በር ላይ ቆሎ ይሸጣሉ። ቅዳሜ ገበያ የተሻለ እንደሚሸጥ እያወቁ የመተማ አውቶቡስ የሚቆምበትን ቦታ አይለቁም፤ ቆሎውን እየሰፈሩም ዓይናቸው ከሚወርደው መንገደኛ ላይ ነው። አንድ ልጃቸው ፈንታሁን በመተማ አድርጎ ወደ ሱዳን፣ ከሱዳንም ወደ በረሃው ከገባ ሁለት ዓመት አልፎት ነበር። አለም፣ ሞተም የሚል ሰው አልተገኘም።

መጀመሪያ የመጡት ሰፌድ ሊዋሱ ነው። በሩ ላይ እንደቆሙ ቴሌቪዥኑን አዩና አማተቡ።

«እነዚህ ደግሞ ምንድን ናቸው?»

«ዞምቢዎች ናቸው እትዬ» አለ ማንደፍሮ። «ሞተው የሚሄዱ።»

«ምነው ታዲያ አያርፉሳ?»

«ቫይረስ ነው የሚያስነሣቸው።»

«የምን ቫይረስ!» አሉ ራሳቸውን እየነቀነቁ። «ፍትሐት ያላገኙ ናቸው እንጂ። ቄስ የላቸው፣ ማን ይፍታቸው? ያልተፈታ ነፍስ እንዴት ይረፍ!»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ዞምቢ ያለ ሰው የለም፤ ሁላችንም «ያልተፈቱት» እንላቸው ነበር። እናቲቱ ስትታይ ግን እትዬ ዝማም ሰፌዱን አስቀመጡት። «ይቺስ ማንን ነው የምትፈልገው?» አሉኝ። «ልጇን» አልኋቸው። ከበሩ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጡ። ከዚያ በኋላ አንድ ክፍል አላመለጣቸውም።

አንድ ቀን፣ አባቴ በቅዳሴ እንዲያስቡት የፈንታሁንን ስመ ክርስትና ይንገሩኝ ብዬ ጠየቅኋቸው። እሺ አላሉም። ከፈንታሁን በፊት ሌላ ልጅ ሞቶባቸዋል፤ በክርስትና ስሙ መተት ተሠርቶበት ነው የሚል እምነት ነበራቸው። «የዚህን ስም ከእኔና ከክርስትና አባቱ በቀር ያወቀ የለም፤ ያም አፈር ገብቷል። ከአፌ ካወጣሁት ነፋስ ይወስድብኛል» አሉኝ። የጎንደር ሰው ይህን ፍርሃት ያውቀዋል፤ እኔም አላስጨነቅኋቸውም።

የሲዝኑ መጨረሻ የደረሰልን በፍልሰታ፣ በአንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል፤ ድምፅ ለመስማት ሁሉም ተጠጋግቷል፤ የተቆላ ሽንብራ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። እትዬ ዝማም እንኳ በዚያ ቀን መናኸሪያ አልሄዱም። እናቲቱ በበረዶ ውስጥ ስትንፏቀቅ ቆይታ ልጇ አለበት ከተባለው ቤት ደረሰች። በሩ አረንጓዴ ነው። አንኳኳች። ከውስጥ የእግር ኮቴ ተሰማ። እጀታው ዞረ። በሩ የጣት ስፋት ያህል ገርበብ አለ።

ጨለመ። አለቀ።

መጀመሪያ መብራት የጠፋ መስሎን ነበር። ማለቁን ስናውቅ ቤቱ ተደበላለቀ።

«ቀለዱብን! ሦስት ወር ሙሉ ለዚህ ነው የጠበቅነው?» ማንደፍሮ ሽንብራውን በተነው።

«ሞቷል፤ ኮቴውን አልሰማችሁም? እግሩን ይጎትታል!»

«ጫማው ሰፍቶት ነው!»

«ጫማ የሰፋህስ አንተ! ያልተፈታ ነው እንጂ!»

ትርንጎ እልህ ይዟት ታለቅስ ነበር። እኔም የፊልሙን ደራሲ በማላስታውሰው ቃል ረግሜዋለሁ፤ በጾም። በዚያ ጩኸት መካከል ዘወር ስል እትዬ ዝማምን አየኋቸው። ተነሥተው ቆመዋል፤ ሁለት እጃቸውን ወደ ጨለመው የቴሌቪዥን መስኮት ዘርግተዋል። እየተጣሩ ነበር። «ወልደ…» ሲሉ ሰማሁ። ፈንታሁን አላሉም፤ በዚያ በማይነገረው ስሙ ነው የጠሩት። የቀረውን የእኛ ጩኸትና ዝናቡ ዋጠው።

ቀርቤ ያዝኋቸው። መስኮቱ ላይ ስም መዘርዘር ጀምሮ ነበር።

«ምን ይላል ጽሑፉ? አንብቢልኝ።»

«ስም ነው እትዬ።»

«የሞቱት ስም ነው?»

«የለም፤ ፊልሙን የሠሩት ናቸው።»

«የእሱ የለበትም?»

«የለበትም።»

«ሞቷል በሉኝ፤ እቀበላለሁ» አሉ እትዬ ዝማም ለማንም ሳይሆን። «አለ በሉኝ፤ እጠብቃለሁ። በሩን ገርበብ አድርጎ መሄድ ግን ምን የሚሉት ግፍ ነው?» እኛ የተናደድነው በፊልም ነበር። ለእሳቸው ግን የሚኖሩበት ቤት ነበር።

ማንደፍሮ ሊያጽናናቸው ብሎ «ለዓመት ቀጣዩ ይመጣል» አላቸው። እሳቸውም ለዓመት ቀጠሮ ያዙ። ሲወጡ ክንዴን ይዘው እንዲህ አሉኝ፤ «በሩ ሲከፈት ልጁ ካለ የኔም አለ። ሞቶ ከሆነ ግን ይበቃኛል፤ ፍትሐቱን አስደርጋለሁ፣ ተዝካሩን አወጣለሁ። አንቺ የመሪጌታ ልጅ ነሽ፤ ደብቀሽ አትነግሪኝም።» ይህ እምነት አይደለም፣ ጥንቆላ ነው ልላቸው ይገባኝ ነበር። የካህን ልጅ ነኝ፤ አውቀው ነበር።

በቀጣዩ ዓመት ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ኢንተርኔት አገኘሁና ፈለግሁ። ፊልሙ ተቋርጧል። ቀጣይ የለውም። ስሙን ከማላውቀው አገር ሁሉ ሰዎች እንደኛው ይራገማሉ፤ አንዱ ሞቷል፣ አንዱ አለ ይላል፤ በሩን የሚከፍተው ግን የለም።

ዓመቱ ዞሮ በጥቅምት ለእረፍት ስመለስ እትዬ ዝማም ሻንጣዬን እንኳ ሳላወርድ ከአጥሩ ሥር አገኙኝ። ከስተዋል።

«ተከፈተ?»

ፊታቸውን አይቼ «አይከፈትም» ማለት አቃተኝ። «ተከፈተ» አልሁ።

«ማነው?»

«ልጇ።»

«በሕይወት?»

«በሕይወት።»

«እግሩንስ ምነው ይጎትት ነበር?»

«ቆስሎ ነው። አሁን ሽሮለታል።»

«ምን አላት?»

«እማ አላት።»

እልልታቸው መንደሩን አስወጣው። ውሸቴ እንዲህ እየተጠየቀ ነው ሥጋ የለበሰው፤ እያንዳንዱን ጥያቄ ስመልስ የማድናቸው ይመስለኝ ነበር።

በሳምንቱ ፈንታሁን ለተጠመቀበት ደብር ስለት ጥላ ሊያስገቡ ኮሶዬ ይዘውኝ ሄዱ። ሚኒባሱ ወለቃን አልፎ፣ በመንገድ ዳር የተደረደሩትን የሸክላ ቅርጾች አልፎ ዳገቱን ሲወጣ ጉሙ መስኮቱን ሸፈነው። ጥላውን እንደ ሕፃን በጭናቸው ታቅፈውታል። ከመንገድ ዳር የባቄላ እሸት ገዝተው፣ እየፈለፈሉ ፍሬውን ሁሉ ለእኔ ያቀብላሉ። «ብይ እንጂ፤ ሸጋ ወሬ ያመጣ አፍ ጦም አይዋል» ይሉኛል። ያ ባቄላ እስከ ዛሬ ከጉሮሮዬ አልወረደም። ደጀ ሰላሙ ላይ ተንበርክከው ሲሳለሙ፣ እውነቱን አሁን ልናገር፣ አሁን ልናገር ስል ዋልሁ። ሳልናገር ተመለስን።

በኅዳር መጀመሪያ፣ እኔ ወደ ዩኒቨርሲቲ ሳልመለስ፣ ከፈንታሁን ጋር በረሃ የገባ አንድ ልጅ ተመለሰ። በእጄ ነው የሞተ፣ በእጄም አሸዋ ያለበስሁት አለ። ሽማግሌዎች ጎሕ ሲቀድ ወደ እትዬ ዝማም ሄዱ፤ አባቴም ነበሩበት። ጩኸት ስጠብቅ ጩኸት አልመጣም። አባቴ ነጠላቸው በጤዛ ርሶ ተመለሱ።

«አልተቀበለችንም» አሉ። «‹ያችንም ሴት እንዲሁ ብለዋት ነበር፤ ልጇ ግን ከበሩ ጀርባ ቆሞ አገኘችው› አለችን። የቷን ሴት እንደሆነ እንጃ። ሂዱልኝ፣ ለልጄ ፍትሐት አላስደርግም አለች። ልቧን እንዲህ ያደነደነባት ማን ይሆን?»

ውኃ አምጥቼ እግራቸውን አጠብሁ። ቀና ብዬ አላየኋቸውም። እውነቱን ሳልነግራቸው በሦስተኛው ዓመት አረፉ።

እትዬ ዝማም ከዚያ ጠዋት ጀምሮ በራቸውን ቀርቅረው አያውቁም። ያለቀሰ የለም፤ ድንኳን አልተጣለም፤ ደወል አልተደወለም። ሰው ስደት የወጣሁት ለእንጀራ ነው ብሎ ያስባል፤ እኔ ከዚያ ገርበብ ካለ በር ፊት ነው የሸሸሁት።

ከትርንጎ ስልክ በኋላ ባለው እሑድ አምስት ሰዓት በአውቶቡስ ተጉዤ የንስሐ አባቴ ካሉበት ቤተ ክርስቲያን ደረስሁ፤ ሁሉንም ተናዘዝሁ። ቀኖናዬን ሰጡኝ። የልጁን ፍትሐት እኔ ላስደርግለት ብዬ ለመንኋቸው።

«መልካም» አሉ። «ስመ ክርስትናው ማነው?»

ስሙን እትዬ ዝማም ይዘውት ሄደዋል። ትርንጎን ኮሶዬ ላክኋት፤ ያጠመቁት ቄስ ከሞቱ ቆይተዋል፣ የጻፈውም የለም። ነፍስን ያልተፈታ አድርጎ የሚያቆመው ቫይረስ አይደለም ብለው ነበር እትዬ ዝማም፤ ስንስቅባቸው። ልጃቸውን ያቆምሁት እኔ ነኝ። አሁን አንሶላ ሳጥፍ፣ ከማድረቂያው ድምፅ ሥር፣ የሚጎተት ኮቴ እሰማለሁ።

ስለዚህ በዚያ በፍልሰታ እሑድ በትርንጎ ቤት የነበራችሁ፣ ይልቁንም በበሩ በኩል ከእሳቸው አጠገብ የተቀመጣችሁ፣ እለምናችኋለሁ። እኛ ስለ በሩ ስንጮህ እሳቸው ልጃቸውን ተጣርተዋል። «ወልደ» ካሉ በኋላ የተከተለውን ከእናንተ አንዱ ሰምቶት ይሆናል። በአርባ ቀኑ ክርስትና ሲነሣ ኮሶዬ የነበራችሁም ካላችሁ አስታውሱ። ለትርንጎ ንገሯት፤ እዚያው ናት። ስለ እኔ የፈለጋችሁትን ፍረዱ። ስሙን ብቻ ስጡኝ።