ድጋፉን የነቀልኩት ካቴድራል

ባለፈው ቅዳሜ ነው። ድሬዳዋ እንደ ልማዷ ከምሳ በኋላ ሱቋን ዘግታ ተኝታለች፤ እኔ ሽርጤን አገልድሜ በረንዳ ላይ ሐብሐብ እበላለሁ። ሙቀቱ እንቁላልን ገና በዶሮዋ ሆድ ውስጥ ይቀቅላል። ዩኒቨርሲቲ የሕንፃ ንድፍ የምትማረው ልጄ ፈርሃና ስልኳን አፍንጫዬ ሥር ደቀነችው።

"አባ፣ እስቲ ይቺን ተመልከታት፤ አታምርም?"

አየሁ። የጥንት የፈረንጅ ካቴድራል ነው። ሰማዩን የሚወጉ ማማዎች፣ ሹል መስኮቶች፣ በግድግዳው ዙሪያ ደግሞ እንደ ሸረሪት እግር የተዘረጉ የድንጋይ ድጋፎች። የያዝኩትን ሐብሐብ ሳህኑ ላይ ወረወርኩ።

"አንሺልኝ ከፊቴ!"

"ምነው? ቤተክርስቲያን ስለሆነ ነው?"

"ቤተክርስቲያኑ ምን አደረገኝ? ጠላቶቼ እነዚያ እግሮቹ ናቸው። እግሮቹና ኤልያስ።"

ኤልያስን ታውቀዋለች። ከሱቃችን ፊት ለፊት ፎቶ ኮፒ የሚያነሳው ሰውዬ ነው። እኔ ሲሚንቶ እሸጣለሁ፣ እሱ ወረቀት ያባዛል። መሃላችን ባለው መንገድ ባጃጁም፣ ፍየሉም፣ የሠርግ አጃቢውም ያልፋል፤ ሰላምታ ግን ተሻግሮበት አያውቅም። ልጄ ምክንያቱን ስትጠይቀኝ ኖራለች። የዚያን ቀን ነገርኳት።

ያኔ ፂማችን ልብቀል አልብቀል የሚልበት ዕድሜ ላይ ነበርን። ከዚራ ሰፈር ውስጥ፣ ዛፎቹ መንገዱን ጥላ በሚያለብሱበት በኩል፣ በአንድ አሮጌ ቪላ ፈረንሳይኛና ንድፍ የሚያስተምር ፈረንጅ ነበር። ሙሴ እንለዋለን፤ ድሬዳዋ ውስጥ ፈረንሳዊ ሁሉ ሙሴ ነው። ይህ ሰው ስለ ወለደችው እናቱ አንድ ቀን ትንፍሽ ብሎ አያውቅም። ወሬው ሁሉ ስለ ትውልድ ከተማው ካቴድራል ነው። እኛ በላብ ቀልጠን ከወንበሩ ጋር ልንጣበቅ ስንደርስ እሱ ስለ ሀገሩ በረዶና ስለ ባለ ቀለም መስታወት ይተርካል።

"መሠረቱን የጣሉት ጣሪያውን አላዩም" ይለናል። "አያት ጀመረ፤ ልጅ ሠራ፤ የልጅ ልጅም አልጨረሰም።"

"ኮንትራክተሩ ጠፍቶ ነዋ!" እላለሁ ከኋላ። ክፍሉ በሳቅ ይፈርሳል። ኤልያስ ብቻ አይስቅም።

አንድ ቀን ደግሞ እነዚያ ከተሞች እንዴት ይቀናኑ እንደነበር አጫወተን። አንዷ ጣሪያዋን ከፍ ስታደርግ ጎረቤቷ በንዴት ከዚያ በላይ ትሰቅላለች፤ አንዷማ ከሁሉም እበልጣለሁ ብላ ጣሪያዋ ከነድንጋዩ ወረደ። ይህን ታሪክ ወደድኩት። ለካ ያ ሁሉ ማማ ሰማይ የደረሰው በጸሎት ብቻ አይደለም፤ ግማሹ በእልህ ነው። እልህ ደግሞ እኔና ኤልያስ በኩንታል ነበረን።

የኔ አባት ግንበኛ ነው። የእሱ አባት ክራባት የሚያስር የቢሮ ሰው። ሹል ቅስት ስስል ኤልያስ አንገቱን አስግጎ "ወሪያ፣ አባትህ የሚሠራውን ሽንት ቤት አስመሰልከው እኮ" አለኝ።

"አባቴ ባይሠራው አባትህ ክራባቱን አስሮ የት ይቀመጥ ነበር?" አልኩት።

ከዚያ በኋላ ለመነጋገር ምን ቀረን?

በዚያ ዓመት ሙሴ ወሬ ይዞ መጣ። አዲስ አበባ ካለ የንድፍ ትምህርት ቤት አንድ መሐንዲስ ሊጎበኘን ነው፤ ሥራችንን አይቶ ከመካከላችን አንድ ሰው ይወስዳል። አባቴ "ወይ ንድፍ፣ ወይ ዲጂኖ" ብሎኝ ነበር። ዕድሉን ካጣሁ ዕድሜዬ ከከተማ ውጪ መልካ ጀብዱ ድንጋይ ስፈነቅል ማለቁ ነው። ኤልያስ ደግሞ ከልጅነቱ ጀምሮ ያለመው ነዳፊ መሆንን ብቻ ነው፤ ማስመሪያውን አቅፎ ነው የሚተኛ ይባል ነበር።

ሙሴ ጭካኔው መጣበትና ሁለታችንን አንድ ላይ መደበን። የካቴድራሉን ሞዴል በጀሶ ሥሩ አለን። "ሙጫ የለም፤ ሚስማር የለም። እንደ እውነተኛው በራሱ ክብደት ይቁም።" ግድግዳውና ጣሪያው የኔ፣ ማማውና የውጪው ሥራ የኤልያስ ሆነ። አንድ ጠረጴዛ ላይ ተደፍተን በአስተርጓሚ እንነጋገራለን።

"ሙሴ፣ ውሃውን አቀብለኝ በለው።"

"ሙሴ፣ እጅ የለውም ወይ በለው።"

ሙሴ ስለ ውጪው ክፍል ያስተማረ ዕለት አባቴ አሸዋ ሊያስጭነኝ መልካ ጀብዱ ወስዶኝ ቀረሁ። ስመለስ ኤልያስ ግድግዳዎቼን ግራና ቀኝ በጀሶ እግሮች ደግፏቸዋል። ምንድን ናቸው ብዬ እንዳልጠይቅ አኩርፌያለሁ። ጀሶው እስኪደርቅ ያቆማቸው ናቸው ብዬ ተውኩት።

እዚህ ላይ ስለ አባቴ ሙያ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ድጋፍ የሚነሳበት ቀን ትልቅ ቀን ነው። የድጋፉ እንጨት፣ ፑንቴሎው፣ ከጣሪያው ሥር ተነቅሎ ሲወጣ ባለቤቱ ሐልዋ ያመጣል፣ ለስላሳ ይከፈታል፣ ግንበኛውም ልክ ጣሪያው ሥር ቆሞ ይበላል። ድጋፉን ሳያነሳ ቤት የሚያስረክብ ግንበኛ ግን አለቀለት። "የሱ ቤት በምርኩዝ ነው የሚሄደው" እየተባለ እስከ ዋሂል ድረስ ይሳቅበታል።

መሐንዲሱ የሚመጣበት ቀን ደረሰ። ግንቦት ነው፤ ቁራው እንኳ ጥላ ፍለጋ በእግሩ ይሄዳል። ሙሴ እንግዳውን ሊቀበል ወደ በሩ ወጣ። እኔና ኤልያስ ነጭ ጨርቅ ከለበሰው ሞዴል ጋር ብቻችንን ቀረን። ጨርቁን ገለጥኩት። እግሮቹ አሉ!

ደሜ ፈላ። ኤልያስ፣ የግንበኛው ልጅ ግድግዳ ያለ ምርኩዝ አይቆምም ብሎ ለመሐንዲሱ ሊያሳጣኝ ነው!

"አባቴን ሰደብክ፤ አሁን ደግሞ ግድግዳዬን?" አልኩና አንዱን እግር ነቀልኩ።

ኤልያስ አፉን ከፈተ። እኔን አየ፣ ሞዴሉን አየ፣ መልሶ አፉን ዘጋው። ከዚያ እጆቹን አጣጥፎ መስኮቱን ተደገፈ።

ነቀልኩ። ደግሜ ነቀልኩ። በአንድ በኩል ያሉትን ጨርሼ እጄን ሳራግፍ ሙሴና መሐንዲሱ ገቡ። ጣሪያው ቀስ ብሎ ተነፈሰ። ግድግዳዬ እንደ ሐብሐብ ወደ ጎን ተከፈለ፣ ጣሪያው ተከተለው፣ ማማዎቹ በላዩ ላይ ተደፉ። የተነሳው የጀሶ አቧራ ጅቡቲ ድረስ ታይቷል፤ ያላመነ ይጠይቅ።

"እግሮቹ!" ሙሴ ጮኸ። "ጣሪያው ግድግዳውን ወደ ውጪ ይገፋል! የያዙት እግሮቹ ናቸው! የት አሉ?"

እጄ ላይ ነበሩ።

መሐንዲሱ መነጽሩን ጠረገ። የቀረበለትን ለስላሳ ጠጣ። ማንንም ሳይወስድ ሄደ።

"ታውቅ ነበር?" አልኩት ኤልያስን።

"ተምረነዋል፤ አንተ የቀረህ ቀን" አለኝ።

ያ የመጨረሻው ንግግራችን ነው። እኔ ድንጋይ ፈነቀልኩ፣ በኋላም ወደ ሲሚንቶ ተሻገርኩ። እሱ ይኸው ሌላ ሰው የነደፈውን ሲያባዛ ይውላል።

ፈርሃና ወንበሩ ላይ እስክትንከባለል ሳቀች። ሳቋ ሲያልቅ "አቦ አባ፣ እሱም እኮ ዕድሉን አብሮህ አጣ! ለምን ዝም አለ?" አለችኝ።

"እኔ ምን አውቄ።"

"ሄጄ እጠይቀዋለሁ።"

"ወላሂ፣ ከጠየቅሽው አንቺንም አኮርፍሻለሁ!"

እሷ ወደ ቤት ገባች፤ እኔ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው ወዶኛል። ሚስቴ ትወደኛለች፣ ልጆቼ ይወዱኛል፣ ደንበኞቼ ሲሚንቶው በጠፋ ሰሞን በጣም ይወዱኛል። ታዲያ ከነዚህ ሁሉ ለኔ ብሎ የምሳ እንቅልፉን የሚያቋርጥ አንድ የለም። ኤልያስ ግን በዓለም ላይ አጥብቆ የሚፈልገውን ብቸኛ ነገር፣ እኔ እንዳላገኘው ሲል፣ እጁን አጣጥፎ ሰጠ። ማንም በኔ ምክንያት ይህን ያህል ዋጋ ከፍሎ አያውቅም። እንዲህ የተደከመበትን ጠብ በአንድ "ሰላም አደርክ" ማፍረስ ነውር ነው።