ጨዉን ቅመሽልኝ

ዛሬ ፍኖተ ሰላም ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ ከጎረቤት የድንች ወጥ ሽታ መጣ። የያዝሁትን ሥራ አስቀመጥሁ። ይህ ሽታ በክረምት ሲመጣብኝ እስከ ዛሬ አንገቴን ያስደፋኛል።

ያኔ የምንኖረው ማንኩሳ አጠገብ ገጠር ውስጥ ነበር። ነሐሴ ላይ የሁሉም ሰው ጎተራ ይመናመናል፤ በዚያው ዓመት ባሏ የሞተባት የጎረቤታችን ጎተራ ግን ጭራሽ ባዶ ነበር። ችግሯን ለሰው አትናገርም። እናቴ ከምንበላው ቀንሳ የድንች ወጥ በድስት ታስይዘኝና፣ "'እማየ ጨዉን ቅመሽልኝ ብላለች' በያት፤ ሌላ ቃል እንዳትጨምሪ። ሰጠሁ ብለሽ ሰው አታሳፍሪ" ትለኝ ነበር።

ሴትዮዋ በጣቷ ጫፍ ትቀምስና፣ "ትንሽ ይጎድለዋል፤ እዚሁ አስተካክለዋለሁ" ትላለች። ድስቱ እዚያው ይቀራል። በማግስቱ ታጥቦ፣ ከጓሮዋ የተቀነጠሰ ጎመን ተደርጎበት ይመለሳል። እኔ ነገሩ ገብቶኝ ነበር። ልጆቿ ግን አያውቁም፤ እሷም እንዲያውቁ አትፈልግም።

አንድ ቀን በጭቃው እየተንሸራተትሁ ደረስሁ። የድስቱ ሙቀት ደረቴ ድረስ ይሰማኛል። ሦስቱ ልጆች ጭስ በሞላው ቤት ምድጃውን ከበው ተቀምጠዋል። እኩያዬ የነበረው ትልቁ ልጅ ሳቀብኝ።

"እናትሽ እስካሁን ጨው መጨመር አልለመደችም?" አለ።

እናቴን ሲነኩብኝ አልችልም ነበር። "እማየስ ታውቃለች። የምትበሉት ስለሌላችሁ ነው የምትልክላችሁ" አልሁት።

ልጁ ዞሮ እናቱን አየ። እሷ ጎንበስ ብላ እንደ ወትሮው በጣቷ ጫፍ ቀመሰች። ክዳኑን መልሳ ገጠመችና ድስቱን አስታቀፈችኝ።

"ጨዉ ልክ ነው በያት፣ ልጄ" አለችኝ።

ትንሿ ልጅ ዓይኗን ከድስቱ ሳትነቅል እስከ በር ተከተለችኝ።

የሆነውን ስነግራት እናቴ አልመታችኝም። ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር። ነጠላዋን ደርባ፣ በዚያ ዝናብ ድስቱን ራሷ ይዛ ሄደች፤ በሩ አልተከፈተላትም። ወጡን እኛም አልበላነው።

የበቆሎው እሸት ሳይደርስ ሴትዮዋ ልጆቿን ይዛ ወደ ቡሬ ሄደች። ከዚያ ወዲያ አላየናቸውም። የመንደሩ ሰው ችግር ነው ያሰደዳት አለ። እናቴም፣ "አዎን፣ ችግር ነው" ትል ነበር። እኔ አጠገቧ ቆሜ እሰማለሁ። እስክትሞት ድረስ የኔን ነገር ለማንም አልተናገረችም።